የትራክተራችሁን ታፖ ያጣበቀው ዝገት አይደለም፤ እኛው ነን

እስካሁን ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተምች ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ስለ አንዲት ቡሎን ነው የምጽፍላችሁ። «ደግሞ ስለ ቡሎን ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ። ይህች ቡሎን በአንድ ግንቦት የአምስት አባወራ እርሻ አስተጓጉላለች። እኔም ቆሜ እያየሁ ነው የሆነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉንደ ወይን ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አምስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ ትራክተር ገዙ። ከገዙት ጀምሮ ዘይቱ ሲጎድል ይጨምሩበታል እንጂ አንድም ቀን አፍስሰውት አያውቁም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት የግንቦት ዝናብ ጠብ ሲል «እስኪ ዘንድሮስ ዘይቱን እንቀይርለት» አሉና ከከተማ መካኒክ አመጡ። መካኒኩ ከሥር ገባ። ቁልፍ ገጥሞ ሳበ፤ ታፖው አልላላም። ቱቦ ቀጠለበት፤ ቁልፉ ተንሸራቶ የታፖውን ጭንቅላት በላው። ከዚያ «መሮና መዶሻ አምጡ» አለ።

አንድ ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ይሰበርብናል» አሉት። «አባ፣ አሮጌ እኮ ነው፤ ዝገቱ ነው እምቢ ያለው» ብሎ መለሰላቸው። እኔም ዝም አልሁ። ጥቂት እንደመታ የዘይት መያዣው፣ ኮፓ የምንለው፣ ከታፖው ጠርዝ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ታፖው ግን እዚያው ቦታው ላይ ነበር!

ከዚያ በኋላ ኮፓ ፍለጋ ነው። ሞጣ የለም፣ ቢቸና የለም፣ ባሕር ዳር ተጠየቀ፣ አዲስ አበባ ተደወለ። ዕቃው ተገኝቶ እስኪመጣ ዝናቡ ከበደ፣ ዋልካው ረሰረሰ። ዋልካ አንዴ ውሃ ከጠገበ ትራክተርም ይሰምጥበታል። አምስቱም በሬ ወደ መለመን ተመለሱ። መካኒኩስ? የጉልበቱን ተቀብሎ ሄደ። ጥፋተኛ ሆኖ የቀረው «አሮጌው ትራክተር» ነው።

እኔ ዛሬ የምከራከረው ከዚህ አባባል ጋር ነው።

«አሮጌ ስለሆነ ነው» የሚለውን እንተወው

ነገሩን በእርጋታ እንየው። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኘው ነው። የሞተር ዘይት ማፍሰሻ ታፖ ጥርሱ የት ነው ያለው? ዘይት ውስጥ። ክረምት ከበጋ፣ ቀንና ሌሊት ከዘይት አይለይም። መጥረቢያችሁን ቅባት ቀብታችሁ የምታስቀምጡት እንዳይዝግ አይደለም እንዴ? ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ውስጥ የኖረ ጥርስ በምን ይዝጋል? ከውጭ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ዝገት ታዩ ይሆናል። እሱ ግን የላይ የላዩን ነው፤ ቡሎን አይዝም።

ታዲያ ምን ያዘው? አራት ነገር ነው፤ አራቱም የእጅ ሥራ ናቸው።

አንደኛው ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። «እንዳይፈታ በደንብ እሰረው» ይባልና ቱቦ ይቀጠልበታል። ሒሳቡን እዩት፦ 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ በቱቦ ተቀጥሎ 1 ሜትር ሲሆን ታፖው ላይ የሚያርፈው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል። ያ ሰው ቱቦውን ይዞ ሄዷል፤ እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በባዶ ቁልፍ ልትፈቱት ትታገላላችሁ።

ሁለተኛው ሮንዴላው ነው። ታፖው ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ስትጠብቅ እየተጨፈለቀች ዘይቱን የምትዘጋ ናት። አንዴ ከተጨፈለቀች ሥራዋን ጨርሳለች። እኛ ግን ያንኑ እየደጋገምን እንመልሳታለን። ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ሮንዴላ እንደመቀየር «ጨምረህ እሰረው» እንላለን። በዓመቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ታፖው ከኮፓው ጋር የተበየደ ይመስላል።

ሦስተኛው ለዓመታት ሳይከፈት መቆየቱ ነው። ጭቃው፣ ግሪሱና ቀለሙ በሞተሩ ሙቀት እየጋገሩ እንደ ሙጫ ይሆናሉ።

አራተኛው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከሥር በጀርባችን ተኝተን ወደ ላይ ስናይ ግራና ቀኙ ይጠፋብናል። ልፈታ ያለው ሰው ሲያጠብቅ ውሎ «ይኸ ነገር ዝጓል» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ዝገት ጨርሶ የለም አልልም። በካምቢዮውና በኋላው ዲፈረንሻል በኩል ክረምቱን ሜዳ ላይ ያደረ ትራክተር ውሃ ይገባበታል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወርዶ ታፖው ላይ ይተኛል። እዚያ ታፖ ላይ ዝገት ብታገኙ አይደንቅም። ግን እሱም ቢሆን በየዓመቱ ቢከፈትና ውሃው ቢወጣ ኖሮ አይዝግም ነበር። ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ይመጣል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ማሲ ፈርጉሰን 135 በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ የተሠራ ትራክተር ነው። ዛሬም በብዙ አገር ያርሳል። ቤላሩስ የምንለው ኤምቲዜድ 80 በ1974 የጀመረ ነው። በደርግ ጊዜ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የተተከለው መገጣጠሚያ ይገጣጥም የነበረው ይህንኑ ቤላሩስን ነው። የእኛ ጎጃምም ለትራክተር እንግዳ አይደለም፤ በብርና በአየሁ የመንግሥት እርሻዎች የሠሩ አባቶች አሁንም አሉ። ጠይቋቸው። ትራክተርን የሚገድለው እርጅና ነው ወይስ እንክብካቤ ማጣት? መልሱን እነሱ ይነግሯችኋል።

«ጨምርበት» ዘይት መቀየር አይደለም

ታፖው ያስቸገረ ሰው ምን ያደርጋል? ይተወዋል። «ጎደለ? ጨምርበት!» ይላል። ይህ አነጋገር በአካባቢያችን ከመሮው የባሰ ብዙ ሞተር ጨርሷል፤ ቀስ ብሎ ስለሚገድል ግን ማንም አይከሰውም።

ዘይት ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። ያቀዘቅዛል፤ ያጥባል። ጥላሸቱን፣ አቧራውን፣ ከብረት የሚፋቀውን ደቃቅ ሁሉ ተሸክሞ ይዞራል። አዲስ ዘይት ስትጨምሩበት ያ ቆሻሻ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም፤ ያው እዚያው ነው። የቆሸሸ እንስራ ሳታጥቡ ንጹሕ ውሃ ብትጨምሩበት ትጠጡታላችሁ? የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ጥላሸቱን እየያዘ ነው ማለት ነው። የተሸከመውን ይዞ እንዲወጣ በጊዜው ካላፈሰሳችሁት ግን ሞተሩን መፋቅ ይጀምራል።

መቼ ነው የሚቀየረው? የትራክተራችሁ መመሪያ የሚለውን ያዙ። ለብዙ አሮጌ ትራክተር 250 ሰዓት ገደማ ነው፤ አቧራ ሲበዛ ከዚያም ማሳጠር ነው። የሰዓት መቁጠሪያው ከተበላሸ ቆይቷል ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ደብተር ያዙ። በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩ 250 ሰዓት 31 ቀን ገደማ ነው። የአንድ እርሻ ወቅት ሥራ ማለት ነው! ስለዚህ ቢያንስ በየወቅቱ አንዴ፣ ባይሠራ እንኳ በዓመት አንዴ ይህ ታፖ መከፈት አለበት። በየዓመቱ የሚከፈት ታፖ አይጣበቅም። የዛሬው ክርክሬ በአጭሩ ይኸው ነው።

መሮውን አስቀምጡት

መሮ የእንጨት ሥራ ዕቃ ነው፤ ለሞፈርና ለቀንበር ይሁን። ታፖ ላይ በመሮ መምታት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ጭንቅላቱን ያበላሻል፣ ጉልበቱን ወደ ኮፓው ያስተላልፋል። በብዙ አሮጌ ማሲዎች ኮፓው ጊዛ ነው። ጊዛ ክብደት ይሸከማል፤ የመዶሻ ምት ግን አይችልም፤ እንደ ሸክላ ድስት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ጊዛ ደግሞ እንደ ተራ ላሜራ በቀላሉ አይበየድም።

«መካኒኩ ሩቅ ነው፤ ዝናቡ ደርሷል፤ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ችግሩን አልክድም። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እነዚያ አምስት ሰዎች አንድ ሌሊት መታገስ አቅቷቸው ወቅቱን አጡ። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ከአንድ ማታና ከአንድ ጠዋት አይበልጥም። ለራሳችሁ ሥሩት፤ ወይም መካኒኩ ሲመጣ ስልካችሁን ከፍታችሁ አሳዩት።

እንዲህ ይሠራል

1. ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ከፊትና ከኋላ ድንጋይ አድርጉ፣ ማረሻውን መሬት አስይዙ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ ትራክተር ሥር ማንም እንዳይገባ። አንድም ሰው!

2. የምትፈቱት የትኛው ታፖ እንደሆነ አረጋግጡ። ሞተሩ የራሱ አለው፤ ካምቢዮውና የኋላው የራሳቸው አላቸው። በብዙ ትራክተር የሃይድሮሊኩና የካምቢዮው ዘይት አንድ ነው። የሞተር ዘይት ልቀይር ብሎ የካምቢዮውን ያፈሰሰ ሰው አጋጥሞኛል።

3. ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ክዳን መከፈቱን ሞክሩ። በተለይ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ላይ ይህን እንዳትረሱ። ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙያው እምቢ ቢላችሁ ትራክተሩ ቆመ ማለት ነው።

4. ማታ ላይ ታፖውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ዙሪያውን ፋቁ፤ ውስጡ ጉድጓድ ያለው ዓይነት ከሆነ በምስማር ጫፍ ጭቃውን እስከ ታች አውጡ። ቁልፍ የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ ቆሻሻው ላይ ስለሚቀመጥ ነው።

5. ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት ካላችሁ ጠርዙ ላይ ንፉበት። ከሌለ ናፍጣም ይረዳል። ታፖው ወደ ታች ስለሚያይ ይንጠባጠብና ያልቃል፤ ስለዚህ ጨርቅ ነክራችሁ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ እሰሩበትና ይደር። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ጨርቁን አንሱ፣ የረጠበውንም ጥረጉ።

6. ጠዋት ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል አሠሩትና አጥፉት። ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የሚያቃጥል ግን አይሁን፤ እጅና ፊት ይልጣል። ከሥር እሳት ማንደድ ወይም ችቦ ማስጠጋት ጭራሽ አይሞከርም! ናፍጣና ዘይት ባለበት እሳት ትራክተሩንም ሰውንም ይበላል።

7. ልኩ የሆነ ቁልፍ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤላሩስ በሚሊ ሜትር የተሠራ ነው፤ የአሮጌዎቹ ማሲዎች ቡሎን ግን ብዙው በኢንች ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ነው። 26 ወይም 27 ቁልፍ ይገባበታል፤ ስትስቡት ግን ማዕዘኑን ይልጠዋል። የሚገጥመው ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሾላ ነው፤ ስድስቱንም ጎን እኩል ይይዛል። ፓፓጋሎም ሆነ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

8. አቅጣጫውን አትሳቱ። የታፖውን ጭንቅላት ፊት ለፊት እያያችሁ፣ የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ከመተኛታችሁ በፊት ኮፓው ላይ በጠመኔ ቀስት ሣሉበት። አያሳፍርም፤ እኔም እሥላለሁ።

9. መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ነካ አድርጉትና ከዚያ ወደ መፍቻው። ቡሾላው ውስጥ በደንብ መግባቱን በአንድ እጅ እየያዛችሁ፣ እጀታውን በሌላው እጅ አጠር ባለ ንዝረት ንጡት። ረጅም ጉተታ ማዕዘን ይልጣል፤ አጭር ንዝረት ግን ያላቅቃል። እምቢ ካለ የታፖውን ጭንቅላት መሐል ላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጉት። ነካ ነካ አልሁ እንጂ ምቱ አላልሁም። ከዚያ ድገሙት። ለመፍታት ቱቦ ብትቀጥሉ የምፈቅደው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቡሾላ ልክክ ብሎ ከገባ ብቻ ነው።

10. ላላ ሲል ሰፊ ዕቃ አስጠጉ። ትንሿ ባለ ሦስት ሲሊንደር ማሲ 7 ሊትር ገደማ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩ ቤላሩስ 80 ደግሞ 15 ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። ጎኑ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። መጀመሪያ የሚወጣውን እዩት። ውሃ ከቀደመ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራ አይጀመር። ታፖው ላይ ማግኔት ካለ የተለጠፈበትን ዳስሱ። ለስላሳ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። ስብርባሪ ብረት ካገኛችሁ ግን ከውስጥ የሚበላ ነገር አለ፤ ባለሙያ ጥሩ።

ጭንቅላቱ ቀድሞ ከተበላስ?

ያኔም መሮ አይደለም መልሱ። የተላጠውን ጭንቅላት በሞረድ ሞርዳችሁ አንድ ቁጥር ዝቅ ወዳለ ቡሾላ አስተካክሉት፤ ጠበቅ ብሎ እንዲገባ። ሁለት ጎኑን ብቻ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በጠንካራ ቁልፍ መያዝም ይቻላል። ይህም ካልሆነ ጥሩ በያጅ ዳዶ በላዩ ላይ በይዶ ያወጣዋል፤ ሙቀቱም ታፖውን ለማላቀቅ ያግዛል። ብየዳው ግን ያገር ልማድ አይሁን። መጀመሪያ ዘይቱ በመሙያው ወይም በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በቱቦና በእጅ ፓምፕ ይውጣ፤ ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የፈሰሰ ናፍጣና ዘይት ይጠረግ፤ አሸዋና አፈር አጠገብ ይቀመጥ። ይህን «አያስፈልግም» የሚል በያጅ ከመጣ በጊዜ ሸኙት።

ወቅቱ አላደርስ ካላችሁም መላ አለ። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አስገብታችሁ ሞቅ ያለውን ዘይት በፓምፕ ሳቡት፤ አዲሱን ሙሉ፤ እርሻችሁን እረሱ። የታችኛው ዝቃጭ ስለሚቀር ዘለቄታ የለውም። ግን ኮፓ ከመስበር ሺህ ጊዜ ይሻላል። እርሻው ሲያበቃ ታፖውን በእርጋታ ትፈቱታላችሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ችግር የሚሠራው ስትመልሱት ነው

ተፈታ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ ሥራው እንዳለቀ አታስቡ። የተጣበቀ ታፖ የሚወለደው በዚህች ሰዓት ነው። አዲስ ሮንዴላ ግዙ፤ ዋጋው ከኮፓው ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። ጥርሱን አጽዱ። ታፖውን በጣታችሁ ብቻ ማዞር ጀምሩ። በጣት እምቢ ካለ ጠሞ ገብቷል ማለት ነው፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ፤ በቁልፍ አታስገድዱት። እስከ መጨረሻው በጣት ከሄደ በኋላ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ፣ ጥብቅ እስኪል ብቻ። በቃ! ቱቦ የሚባል ነገር እዚህ ቦታ አይታይ። ጥብቅና የሚመጣው ከሮንዴላው ነው እንጂ ከክንዳችሁ አይደለም።

ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ። ቤላሩስ 80 ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የሞተሩ ዘይት ማጽጃ በዘይት ግፊት እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ግድግዳው ላይ የሚለጥፍ ነው። ተከፍቶ ውስጡ የጋገረው ጥቁር ጭቃ ካልተፋቀ ዘይት መቀየራችሁ ግማሽ ሥራ ነው። ከዚያ ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሙሉ፤ ሞተሩን ጥቂት አሠሩ፤ አጥፉና ጠብቁ፤ መለኪያውን ድገሙ፤ ታፖው ሥር መንጠባጠቡን እዩ። ቀኑንና የሠራውን ሰዓት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

የወጣውንም ዘይት ወንዝ ውስጥ ወይም ማሳ ዳር አትድፉት፤ ከብቱም እኛም የምንጠጣው ከዚያው ነው። መዥገር ያጠፋል እያላችሁ በሬ ላይ የምትቀቡም አላችሁ። ተዉ! የተቃጠለ ዘይት ውስጥ መርዛማ ብረትና የነደደ ናፍጣ ትራፊ አለ፤ ቆዳ ይጎዳል፤ ከብቱም ይልሰዋል። በክዳን ጀሪካን አጠራቅማችሁ ወደሚቀበል ጋራዥ ውሰዱት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ደግሞ ወደ ተጠያቂዎቹ

ለመካኒኮች፦ ወንድሞቼ፣ ሥራችሁን አከብራለሁ። ግን ቁልፍ ሳይዙ መሮ ይዞ የሚመጣ መካኒክ መካኒክ አይደለም። «አሮጌ ነው» የሚለውን ቃል ለራሳችሁ ጥፋት መሸፈኛ አታድርጉት። ካልቻላችሁ «አልቻልሁም» ማለት ክብር ነው። የሰበረ ሰው ደግሞ ከፍሎ ይሄዳል፤ በሬ የሰበረ ሰው በሽማግሌ እንደሚክስ ሁሉ።

ለሻጮች፦ ትራክተር ያለ ቡሾላና ያለ መመሪያ መሸጥ፣ ማረሻ ያለ ሞፈር እንደመሸጥ ነው። መመሪያውም በማናነበው ቋንቋ ከሆነ ምን ይረባናል?

ለእኛ ለግብርና ሰዎች ደግሞ፣ ራሴን ጨምሬ፦ ትራክተር ሲመጣ እናጨበጭባለን፤ የትራክተሩን ቁልፍ ለገበሬው ስናስረክብ ፎቶ እንነሳለን። ታፖ የሚፈታውን ቁልፍ ግን ማን አስረከበ? ስለ ዩሪያ አሥር ጊዜ እናሠለጥናለን፤ ስለ ዘይት አንድም ቀን አላሠለጠንንም። እኔ ያን ቀን ቆሜ ዝም ያልሁት ስለማላውቅ ነበር። ባለሙያ ተብዬ ስለ ማሽን አለማወቄ አሳፈረኝና ነው ከዚያ ወዲህ መማር የጀመርሁት። ገበሬ ማሠልጠኛችን ግቢ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን፣ ከእርሻው በፊት፣ ትራክተር ያላቸው ሁሉ ተሰብስበው ታፖ ቢፈቱ ምን ይከብዳል? ሚያዝያ ላይ ይሁን። ማዳበሪያ ከመከፋፈል አይተናነስም።

ለእናንተ ለባለቤቶቹ፦ «እኛ ምን እናውቃለን» የሚለውን አልቀበልም። ማረሻው ሲዶለዱም፣ ወገሉ ሲላላ፣ ምራኑ ሊበጠስ ሲል ከሩቅ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ሞፈሩ አልገባ ቢላችሁ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ ትሰነጥቁታላችሁ? አትሰነጥቁትም፤ ትጠርቡታላችሁ፣ ታስተካክሉታላችሁ። በሬያችሁንስ ሳታበሉና ሳታጠጡ ትጠምዱታላችሁ? ታዲያ ከስንት በሬ ዋጋ በላይ ያወጣችሁበትን ትራክተር ለምን?

ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቡሾላ በጋራ ግዙ፤ ትራክተሩን በጋራ የገዛ ሰው ቡሾላ መግዛት አያቅተውም። ከትራክተሩ ጋር ይቀመጥ፤ ለማንም አይዋስ። መካኒክ ሲመጣ አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያ ቁልፉን አሳየኝ በሉት። ልኩ ካልሆነ አስቁሙት። ሽማግሌው «ተው» ሲሉ ስሙ። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ወቅቱም የእናንተ ነው።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወገኖቼ። ዛሬ ማታ ወደ ትራክተራችሁ ሂዱ። ባትሪ አብሩና ከሥር እዩት። ታፖው ጭንቅላቱ ደህና ነው? መቼ ነው የተከፈተው? መልሱን የማታውቁ ከሆነ ዝናቡን አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ጨርቁን ነክራችሁ እሰሩበት።

ትራክተር ላለው ጎረቤታችሁ ሼር አድርጉለት። ስማርት ስልክ የሌላቸውን አባቶች ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። መልካም የእርሻ ወቅት ያድርግልን!